ክኩ ያልበሰለው በእኔ ጥፋት አይደለም

ሰው ሲያረጅ ኩሽናው እንኳ ይቀርለታል ብዬ ነበር። ሳሎኑን ለቴሌቪዥን፣ ግቢውን ለልጄ መኪና ካስረከብኩ በኋላ የቀረችኝ እሷው ብቻ ነበረች። ዘንድሮ እሷንም የልጅ ልጆቼ ወረሷት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ትልቁ ስልኩን፣ ትንሿ ደብተሯን ይዘው ይመጡና «እማማ፣ ሙከራ እንሥራ» ይሉኛል። በእኛ ጊዜ ልጅ ኩሽና ውስጥ የሚሞክረው ነገር ቢኖር ከድስት ሥጋ ሰርቆ መሮጥ ነበር። ውጤቱም ወዲያው በአርጩሜ ይታወቅ ነበር።

የምንኖረው ካራ ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ ኮተቤን አልፎ በደሴ መንገድ ሽቅብ ለሚሄድ ሰው፣ አዲስ አበባ ልታልቅ ስትል የሚደርስበት ሰፈር ነው። ከእንጦጦ ጋራ የሚወርደው ነፋስ እዚህ በበር አይገባም፤ በግድግዳ ነው የሚገባው። ሐምሌ ላይ ጉሙ መስኮት ድረስ ይመጣል። ብርዱን የማነሣው ለማማረር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኋላ ለምስክርነት እጠራዋለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ እሳተ ገሞራ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ እየመጣ «እግዚኦ» ስንል ያደርነው አልበቃ ብሎ፣ ገበታዬ ላይ ገሞራ ሊያፈነዱ መጡ። ቤኪንግ ሶዳ ግዙ ቢባሉ ቤኪንግ ፓውደር ገዝተው ተመለሱ። እሱም ይሠራል፤ ግን እንደ ሶዳው አይንተከተክም። ተመልሰው ሶዳውን አመጡ። ትልቁ ስኒ ውስጥ ጨመረው፣ ላዩ ላይ በርበሬ ነሰነሰበት። ለእሳቱ መልክ ነው አለኝ። የዓመት በርበሬዬን! ከዚያ አቼቶውን ሲያፈስበት አረፋው ገንፍሎ የጠረጴዛ ልብሱን አጥለቀለቀው። «አየሽ እማማ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው!» አለኝ። አንቱታውማ ድሮ ቀርቷል።

አየሁ። አምቦ ውሃ ሲከፈት ሽቅብ የሚፍለቀለቀው ጋዝ እሱ ነው። እንጀራን ዓይናማ የሚያደርገውም እሱው ነው። ከኋላቸው ቡሃቃው ውስጥ ከትናንት ጀምሮ ያለ አቼቶ፣ ያለ ሶዳ፣ ያለ ጩኸት ሲብላላ ዞር ብሎ ያየው የለም። ይህን ተናግሬ ነው ጣጣውን ያመጣሁት። ትንሿ ዓይኗን አፍጥጣ «እንግዲያው በሊጡም እንሞክር» አለች።

ከአንድ ቡሃቃ ሁለት ጠርሙስ እኩል እኩል ሞሉ። ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ሊገጥሙ ሲሉ ደረስኩባቸው። በሚፈላ ነገር ላይ ክዳን የሚያጠብቅ ጠላ ጠምቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ስለዚህ በክዳኑ ፈንታ ፊኛ አጠለቁበት። አንዱን ምድጃው አጠገብ፣ አንዱን በረንዳ ላይ አስቀመጡ። በነጋታው የምድጃው ፊኛ ተነፍቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የበረንዳው አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። ትልቁ ከስልኩ አነበበልኝ። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፣ ከዱቄቱ እየተመገቡ አሲድና ጋዝ ያወጣሉ፣ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ፣ ሲበርዳቸው ያንቀላፋሉ አለኝ።

እዚህ ላይ ማማሰያዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እኔ ካራ በሙሽርነት ስገባ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከድሬዳዋ እየመጡ ይጠይቁን ነበር። ድሬዳዋ ጠዋት የተቦካ ሊጥ ማታ ኩፍ ይላል፤ ትንሽ ከቆየማ ይኮመጥጣል። የእኔ ግን ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬው፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ሞቆት እያደረ እንኳ፣ በመከራ ነበር የሚነሣው። አብሲት አለመጣሌ አልነበረም። እጥላለሁ! ከሊጡ ቀንሼ በፈላ ውሃ አብስዬ መልሼ እቀላቅላለሁ። የበሰለው ዱቄት ሊጡን ያያይዘዋል፣ ጋዙም ቶሎ አያመልጥም፤ ይህን ስም ባላወጣለትም እጄ ያውቀዋል። አማቴ ግን «እጇ ሊጥ አያነሣም» ብለው ከሐረር እስከ መገናኛ ላለ ዘመድ ሁሉ አወሩብኝ። ለካስ የተከሰሰችው እጄ ናት እንጂ ወንጀለኛው የእንጦጦ ነፋስ ነበር። ነጻ መውጣቴስ ባልከፋ፤ ከሳሽም ዳኛም ካለፉ በኋላ ለማን ልበለው?

ክሱ ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሁለተኛው የነጠላ ክስ ነው። አማቴ አልጫ ሲበሉ ጥለቱ አጠገብ ጠብ አለባቸው። እኔ፣ ሙሽራዋ፣ ሮጬ በሳሙና ሳሸው ቢጫው ጠፍቶ ደም መሰለ። «ነጠላዬን አበላሸችው፤ ምን ያለ ሳሙና ነው?» አሉ። ሰውም ሳሙናዬን እንደ ጉድ ያየው ጀመር። ዘንድሮ እነዚህ ልጆች ለሕመሜ ያስቀመጥኳትን አረቄ አንሥተው እርድ በጠበጡባት። በውሃ ደህና አይሟሟም፣ በአረቄ ነው የሚሆነው ይሉኛል። ነጭ ወረቀት ቀብተው አደረቁት። ትንሿ ጣቷን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራ ስሟን ስትጽፍበት ፊደሉ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። ሎሚ ሲጨምቁበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። እርድ ቤዝ ሲያገኘው ይቀላል፣ አሲድ ሲያገኘው ወደ መልኩ ይመለሳል። ሳሙና ቤዝ ነው፤ ዕቃ የምናጥብበት የእንጨት አመድም እንዲሁ። እንግዲህ ያኔ የሚያስፈልገኝ አንዲት ሎሚ ነበረች! ሎሚ ጨምቆ፣ አለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ የእርድን ቀለም ፀሐይ ታደበዝዘዋለች። ይልቁንስ እኔ መልሼ መላልሼ በሳሙና እሸዋለሁ፤ እሱም መልሶ መላልሶ ይቀላል።

እንቁላሉን አላነሣም ብዬ ነበር፤ ግን ይቆጨኛል። በፍልሰታ ጾም፣ ሌላው ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት በነሐሴ፣ ጥሬ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፉ። «አንበላውም እኮ፣ ጾም አይፈርስም» ብለው ተከራከሩኝ። አቼቶው አረፋ እያወጣ ቅርፊቱን በላው፤ ቅርፊቱ ኖራ ቢጤ ነዋ። ውስጡ በስስ ቆዳ ተይዞ ራቁቱን ቀረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተናል፤ የእኛው መሄድ ሳይለምድ መዝለል ጀመረ። ከጠረጴዛ ወደ ወለል የዘለለውን ማን እንደ ወለወለ አትጠይቁኝ። ወተቱንም በአቼቶ አርግተው፣ አጥልለው፣ ጠፍጥፈው አዝራር ሠሩበት። ለካ ፈረንጆቹም ድሮ ከወተት አዝራር ይሠሩ ነበር። እኔ የማውቀው አይብ ከጎመን ጋር እንደሚሄድ እንጂ ከኮት ጋር አይደለም።

አንድ ነገር ግን በአርጩሜም ቢሆን አስከብራለሁ። በረኪና ከሙከራ ውጭ ነው። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ከሎሚም ጋር ያው ነው። ሽንት ቤቱን ካጠብኩ በኋላ ጀሪካኑን የምቆልፈው ለዚህ ነው። ይህንን ከስልክ አልተማርኩትም።

ደግሞ ቁንዶ በርበሬ መጣ። ሳህን ውሃ ላይ ነሰነሱት፤ ተንሳፈፈ። መሐሉ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ ሲያደርጉበት በርበሬው ሁሉ ብርር ብሎ ወደ ጠርዙ ሸሸ። ውሃ ላዩ ላይ የሚወጠር ነገር አለው፤ ሳሙናው ያንን ውጥረት ያላላዋል፤ ያልላላው ወገን በርበሬውን ይዞ ይጎትታል። ይህ የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጀርመን አገር፣ ብራውንሽቫይግ፣ አግነስ ፖክልስ የምትባል ሴት ነበረች። በዘመኗ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም፤ እሷ ቤት ተቀምጣ የታመሙ ወላጆቿን ታስታምማለች። ዕቃ ስታጥብ ቅባትና ሳሙና ውሃውን ምን እንደሚያደርጉት ልብ አለች፤ በቆርቆሮ ገንዳ መለካት ጀመረች። በ1891 እ.ኤ.አ. ያገኘችውን ጽፋ ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ላከች። እሱም፣ ይግባውና፣ የራሴ ነው ሳይል «ኔቸር» መጽሔት ላይ እንዲወጣላት አደረገ። ትልቁ ይህን ሲነግረኝ «እኔስ ስንት ዘመን ሳህን አጥቤ ለማን ደብዳቤ ጻፍኩ?» አልኩት። «አሁን ጻፊ» አለኝ። የዘመኑ ልጅ መልስ አያጣም።

እኔም በተራዬ ነገርኩት። የእኛዎቹስ ማን ናቸው? በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ሴቶቹ ካጠቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ቢልሃርዚያን የሚያሸጋግሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ስንት አገር ሲፈልገው የነበረው መድኃኒት ልብስ ማጠቢያው ላይ ተጥሎ ተገኘ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ምን እንዳገኙ አልሰማሁም፤ የታጠበ ልብስ ይመስለኛል። ለማንኛውም የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠን ውሃ ውስጥ ስንመታው አረፋው ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። አፍ ውስጥ እንዳይገባ፣ ውሃውም ወንዝ እንዳይደፋ አስጠነቀቅሁ፤ ዓሣም ይገድላል። ለአንዴ እንኳ ሙከራውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ብዙም አላጨበጨቡልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። ክክ።

አማቴ በመጡ ቁጥር ክክ አልጫ እሠራለሁ፤ በመጡ ቁጥርም ጥርሳቸው ላይ ቀጭ ይላል። ከጠዋት ጀምሬ እጥደዋለሁ፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ማገዶው ያልቃል፣ ከእንጦጦ የወረደው የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተንጣጣ ይነዳል፤ ክኩ ግን ንቅንቅ አይልም። «ካራ የገባች ሴት ክክ አታበስልም» የሚለው ቃል ከእሳቸው ወጥቶ የቤተሰብ ተረት ሆነ። ልጆቼ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በቀደም ለታ ትልቁ የሚፈላ ውሃ ሊለካ ተነሣ። መጀመሪያ የትኩሳት መለኪያዬን ይዞ ሲመጣ ነጠቅሁት፤ 42 ላይ የሚያልቅ ነገር የፈላ ድስት ውስጥ ይከተታል? እናቱ የማብሰያ መለኪያ ገዛችለት። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ገነፈለ፣ ክዳኑን አንቀጠቀጠ፤ መለኪያው ግን 92 ገደማ ደርሶ ቆመ። እሳቱን ጨመርን፤ ውሃው ይበልጥ ጮኸ እንጂ አንዲት ዲግሪ አልጨመረም። «ተበላሽቷል፤ መልሱት» አልኩ። «አልተበላሸም እማማ፤ ካራ ስለሆንን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ላዩ ላይ የተጫነውን አየር ማሸነፍ ሲችል ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር አየሩ ከባድ ስለሆነ 100 ዲግሪ ይጠብቃል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ በ96 ገደማ ይፈላል። ካራ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ግን የአማቴን ውሃ ያህል አይሞቅም። ክክ ደግሞ የሚበስለው በሙቀቱ ነው እንጂ በጩኸቱ አይደለም። ባለ ፉጨቱ ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ የሚያደርሰው ለዚህ ነው።

ላልቅስ ወይስ ልሳቅ? አማቴ በ96 እያበሰሉ እኔን በ92 ፈረዱብኝ! እሳቸው የሉም። ግን የባሌ እህት አሉ፤ እሳቸውም ያን ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። ወዲያው ወደ ድሬዳዋ አስደወልኩ። የአየሩን ነገር፣ የሜትሩን ነገር፣ የዲግሪውን ነገር ልጁ እንዳስጠናኝ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ጨርሼ «እና ምን ይላሉ፣ እትዬ?» ስላቸው፣

«ደህና ነው። ታዲያ እኔ ለክርስትናው መጥቼ አንቺው ኩሽና፣ አንቺው ድስት ውስጥ የሠራሁት ክክ እንዴት ቅቤ ሆኖ በሰለ?» አሉኝ።

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ትልቁን ጠየቅሁት። አሰበና «ምናልባት ማታውኑ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈውት አድረው ይሆናላ» አለ።

ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ እትዬ መብራት አብርተው ኩሽና ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ያኔም አልገባኝም ነበር። ስጠይቃቸው «ውሃ ጠምቶኝ ነው» ነበር የሚሉኝ።