የስለት ፍቅርና የዱር ፍቅር፦ ንጽጽራዊ ጥናት

በአውሮፓና በአሜሪካ ሰንጢ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። ለምን እንደሚሰበስቡ ሲጠየቁ፣ ተፈጥሮን ስለሚወዱ መሆኑን ይናገራሉ፤ ጫካው፣ ተራራው፣ የድንኳን አዳሩ። አጥኚው ቃላቸውን በቅንነት ተቀብሎ ሁለቱን ፍቅሮች በሚዛን ላይ አስቀምጧል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ክንድ ነው። የዱር ወዳዱን ክንድ እሾህ ቧጭሮታል። በሰብሳቢው ክንድ ላይ ግን ከአንጓው ከፍ ብሎ ፀጉር የማይበቅልበት ገላጣ መሬት ይገኛል። ድርቅ አይደለም፤ ስለቱ መሳሉን የሚፈትሸው የገዛ ክንዱን እየላጨ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። ኦፒኔል የሚባለው የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቯ ተራሮች የተወለደ፣ የገበሬ ኪስ የለመደ ርካሽ ዕቃ ነው። ዝናብ ሲመታው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይላል። የሳቯ ሰው የእጀታውን ጫፍ ከጠንካራ ነገር ጋር ኳ ያደርገውና ስለቱ ብቅ ይላል፤ ወደ ዳቦው ይመለሳል። ሰብሳቢው ግን ገና ደመና ሳይታይ እጀታውን በተልባ ዘይት ይዘፈዝፋል (አዎ፣ እኛ ለጨጓራ የምንጠጣው ተልባ)። ከዚያም ዝናብ ዘንቦበት በማያውቅ መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሁሉም ይከብዳል። ካርቦን የበዛበት ብረት ሥጋ፣ ሽንኩርትና ፖም ሲቆርጥ ኖሮ ይጠቁራል፤ ሰማያዊና ግራጫ መልክ ያወጣል። ፓቲና ይሉታል፤ ሽበት ነው፣ በሥራ የተገኘ። መጠበቅ ያልቻለ ሰብሳቢ አዲሱን ስለት ሰናፍጭ ይቀባዋል ወይም አቼቶ ውስጥ ይነክረዋል። የዓመታት የተራራ ኑሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማድ ቤት ሳይወጡ ይጠናቀቃል። ሌሎች የጥናት ዘርፎች እንዲህ ያለውን ሰነድ ፎርጅድ ይሉታል።

ስለ ብረቱ ጥንካሬ ሰብሳቢውን መጠየቅ አይመከርም፤ ይመልሳል። የሮክዌል መለኪያ 60 እንዳሳየ ያስረዳል። ምን እንደቆረጠበት ሲጠየቅ ካርቶን ይላል። የምን ካርቶን? ሌላ ሰንጢ የመጣበት። የዱር ወዳዱ በበኩሉ ምን ዓይነት ቢላዋ እንደያዘ ቢጠየቅ «ቢላዋ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ሰብሳቢው አልፎ አልፎ ጫካ እንደሚሄድ አጥኚው አይክድም። በዚያን ጊዜ ግን ሁለት ስለት ይይዛል፤ አንዱ የሚታይ፣ ሌላው የሚያበድረው። ለሰው የሚሰጠው ርካሹ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስዊድኗ ሞራ ከተማ የተሠራ፣ የፕላስቲክ እጀታ ያለው። ዳቦውን የሚቆርጠው፣ ማገዶውን የሚፈልጠው፣ ጭቃ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። ውዱ ከአፎቱ ሳይወጣ ይመለሳል።

በዚህም መሠረት ተፈጥሮን የሚወደው የብድሩ ቢላዋ ነው ተብሎ ተወስኗል። ይግባኝ የሚል ሰብሳቢ ክንዱን ይዞ ይቅረብ።