የሚሰድበን ጠፋ

የዛሬ ልጆች «ከሜዳ ውጭ ጨዋታ» ሲሉ እሰማና እስቃለሁ። የት ታውቁታላችሁ? ከሜዳ ውጭ ማለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጅብ እንኳ ገና ሳይገባ፣ በኪራይ አውቶቡስ ተጠቅጥቆ መነሣት ነበር። ሾፌሩ የባላጋራ ክለብ ደጋፊ ሆኖ ይገኝና መንገዱን ሙሉ በፍሬን ይበቀለናል። ከበሮ መቺው የሚቀመጠው ከኋላዬ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ። ሞጆ ሳንደርስ ጉሮሮው የሚዘጋ ጎረምሳም አይጠፋም። ድምፁን ለሜዳ ለምን እንደማይቆጥበው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አቀባበሉስ! ከተማው ዳር ስንደርስ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል መንገድ ወጥቶ ይሰድበናል። ስድቡ ግን ስድብ ነበር፤ የታሰበበት፣ ዜማ የተበጀለት፣ በጭብጨባ የታጀበ። እኛ የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ፈረሰኞች ነን። የሀዋሳዎቹ ሐይቆች፣ የሶዶዎቹ የጦና ንቦች፣ የጎንደሮቹ አፄዎች ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ ጋ ሐይቅ ያሰጥመናል፣ አንዱ ጋ ንብ ይነድፈናል፣ አንዱ ጋ ንጉሥ ይፈርድብናል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል። እኛ ገና ከአውቶቡስ ስንወርድ መዳብ ነበርን።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ፍተሻው ነው። ስሟን በማልጠራት ከተማ አንድ ጠባቂ፣ ከልጄ የሚያንስ፣ ከዘራዬን ጨበጠና «ፋዘር፣ ይሄ አይገባም» አለኝ። ፋዘር! መች ወለድኩህ?

«ታዲያ በምን ልቁም?»

«ይቀመጣሉ ፋዘር።»

ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ውሎ የጋለ ምጣድ ሆኖ ጠበቀኝ። ካርቶን የሚሸጥ ልጅ መጣ፤ ለአገሬው ሰው በአንድ ዋጋ፣ ለእኛ በእጥፍ። የእንግዳ ደጋፊ ቦታ ደግሞ መቼም ከማዕዘን ባንዲራው ጀርባ ነው፤ ወዲያኛው ጎል ላይ የሚሆነውን የምንሰማው ከሬዲዮ ነበር። በዚያ ቀን እንኳ እኛ ፊት ጎል አገባን። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔ በምን ልነሣ? የፊተኛዬን ሰውዬ ጀርባ ሳይ ቀረሁ። ጨዋታው አልቆ ወደ በሩ ስመለስ የቀበቶ፣ የጃንጥላና የዱላ ክምር ውስጥ «ይምረጡ» ተባልኩ። ወይራ ይዤ ገብቼ ባሕር ዛፍ ይዤ ወጣሁ።

ይህ ሁሉ ናፈቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ?

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቀጥታ ለቴሌቪዥን ሲበቃ ካሜራው በየከተማው ከሚዞር ክለቦቹ ካሜራው ወዳለበት ይሂዱ ሆነ። የኮሮና ወረርሽኙም ነበረበት። ወረርሽኙ አለፈ፣ እኛ እዚያው ቀረን። ክለቡ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ አንድ ከተማ ይከትም ጀመር፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ አዳማ። የሶዶው ክለብ ከአዲስ አበባው ጋር ድሬዳዋ ላይ ይገናኛል፤ ሁለቱም እንግዳ። የሸገር ደርቢ ራሱ ከሸገር ተሰደደ! ካታንጋና ሚስማር ተራ የተባለውን የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫ ለልጅ ልጄ ስነግረው የታክሲ ፌርማታ ይመስለዋል። የከተማው ሰውስ የት አለ? ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሴናል ያለቅሳል።

ባለፈው ሄጄ ባላጋራ ፍለጋ መቀመጫውን በዓይኔ ዞርኩት። ወዲያ ጥግ አንድ ወጣት የተጋጣሚያችንን ማልያ ለብሶ ብቻውን ተቀምጧል። እያዘገምኩ ሄጄ አጠገቡ አረፍኩ፤ የእኛን ማልያ እንዲያይልኝ ደረቴን ነፋሁ። አየኝ። ብድግ ብሎ ጥላው ወዳለበት አሳለፈኝና «አባባ፣ ውሃ ይጠጣሉ?» አለኝ።

ውሃ! እኔ 300 ኪሎ ሜትር የተንገላታሁት ለውሃ ነው? ሁለተኛው አጋማሽ እስኪጀምር ስለ ስኳር በሽታዬ ሲጠይቀኝ ቆየ። አስተዳደጉን አላማሁም፤ ግን በዚህ ጨዋነት ኳስ አይደገፍም።

ደግሞ የክለቡ ከብሔራዊ ቡድኑ ይሻላል። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ እዚሁ አዲስ አበባ ነበርን፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ልክ በ60 ዓመቱ፣ በ2014፣ ያንኑ ግብፅ 2 ለ 0 አሸነፍን። የት? ሊሎንግዌ! ካፍ ስታዲየሞቻችሁ ደረጃ አያሟሉም ስላለን የራሳችንን ጨዋታ ማላዊ ሄደን አስተናገድን። የምሥራቹን ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅሁት ውጤቱን ሳይሆን ካርታ ነው።

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኩን እየነካካ «አባባ ደስ ይበልህ፣ ቀጣዩ ጨዋታ በሜዳችን ነው» አለኝ።

«የት?»

«ድሬዳዋ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በ9 ሰዓት።»

የድሬዳዋን የ9 ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚስቴ «በዚህ ዕድሜህ!» ብላ ጀምራለች። መሄዱን እሄዳለሁ። ካርቶን ግን ከቤት ነው የምይዘው፤ በሜዳዬ እጥፍ አልከፍልም።