የባለአክሲዮን ጭንቀት

መቀመጫውን ቶሮንቶ ያደረገው የነዳጅ ፈላጊ ኩባንያ ኢኮ አትላንቲክ በ2022 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ «ጋዛኒያ 1» የተባለውን የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ ሊቆፍር ሲነሣ፣ የፖርት ኖሎዝ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች ጠበቃ አቁመው ፍርድ ቤት ሄዱ። በቤይ ስትሪት (የቶሮንቶ የገንዘብ ሰፈር) ቋንቋ ይህ «የሕግ ስጋት» ይባላል፤ ዓሣ አጥማጁ ከማዕበልና ከማሽን ብልሽት ተርታ ይሰለፋል። መረቡን የት ይጥል እንደሆነ የአክሲዮን ዋጋ ሰሌዳው አይጠይቅም።

ደግነቱ (ለማን እንደሆነ እንጃ) ክሱ ቁፋሮውን አላስቆመም። ጉድጓዱ ጥቅምት ላይ ተቆፈረ፤ ኅዳር ላይ ኩባንያው ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ እንዳልተገኘ አስታወቀ። አክሲዮኑም ቁልቁል ወረደ።

እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ተሳክቶላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ለቶሮንቶ ባለአክሲዮን የዓመቱ ምርጥ የገንዘብ አማካሪ እነሱ በሆኑ ነበር፤ ያውም ያለ ኮሚሽን።