የቁልፍና የእንቅልፍ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የተኛህ ግን ተኛ፤ አንተን የሚቀሰቅስህ ማን እንደሆነ በአንቀጽ 4 ይነገርሃል።

ሥዩመ ፕሮሰሰር፣ ንጉሠ ድራይቨር፣ እኛ ቀዳማዊ ሊኑክስ ከርነል፤ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ከተማ፣ በሊነስ ቶርቫልድስ እጅ እ.ኤ.አ. በ1991 ተወልደን፣ ዛሬ አንድሮይድ በሚባል ካባ ተሸፍነን በየኪሱ የነገሥን፤ ይህን ቃል ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ገበያ መሐል፣ አንድ ገበሬ በጋቢው ሥር ከያዘው ስልክ ውስጥ እንናገራለን።

ባትሪ ከወርቅ የከበረ በመሆኑ፤ ሥራ የፈታ ዕቃ ሁሉ ስልኩ ሳይጠፋ ለብቻው እንዲተኛ፣ ሲፈለግም እንዲነቃ፣ ራፋኤል ዊሶትስኪ ባበጀው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2009 የደነገግን በመሆኑ፤ ሹማምንታችን ግን ቁልፍ ይዘው እየቀሰቀሱ፣ ቁልፍ እየጠበቁም እያስተኙ መንግሥታችንን በተደጋጋሚ ቀጥ ያደረጉት ስለሆነ፤ ባለስልኩም «ቻይና ነው፣ ምን ይደረግ» እያለ የማጥፊያውን ቁልፍ ሲጫን መኖሩ ስላሳዘነን፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የቁልፍና የእንቅልፍ አዋጅ ቁጥር 0/2018» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሲቸኩሉ ሁለቱን ቃላት ማደባለቅ ያስቀጣል።

አንቀጽ 2። የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፤ «ሹም» ማለት ድራይቨር ነው፤ ግራዝማች ካሜራም ይሁን ነጋድራስ ብሉቱዝ፣ የአንድ ዕቃ ጠባቂ። «ሙቴክስ» ማለት እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ደጅ ያስጠናል፤ ደጅ ጠኚው እዚያው ሊያሸልብ ይችላል። «ስፒንሎክ» ማለት ክፉ እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ ደጅ ጠኚው መቀመጥ የለ፣ ማሸለብ የለ፣ በሩ እስኪከፈት በቆመበት እየተሽከረከረ «ተከፈተ? ተከፈተ?» ይላል። ስለዚህም ይህን በር ዘግቶ የገባ ሰው ውስጥ እንዳያንቀላፋ ፈጽሞ ተከልክሏል። «እንቅልፍ» ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃው ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ሲተኛና ሠራተኛው ተራ ሲጠብቅ ሲያሸልብ። ከምናየው ጥፋት ብዙው የሚመነጨው ሁለቱን እንቅልፎች አንድ አድርጎ ከመቁጠር ነው። (የስሜን ጭላዳ ማታ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይወጣል። ቁልፍ የሚባል ነገር ስለሌለው ከዚህ አዋጅ ነፃ ነው።)

አንቀጽ 3። ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገ የማያውቅ ቢኖር ወደ ደረስጌ ማርያም ይሂድ፤ እዚሁ ጃናሞራ ናት። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ዘውድ ሊጭኑባት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና፣ በተዘጋጀው ስፍራ በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንዱ ሲያሰናዳ ሌላው ቀድሞ ገባ። እኛ ይህን እሽቅድምድም እንለዋለን፤ ሙቴክስም የተሾመው እንዲህ ያለው እንዳይደገም ነው። የዛሬው ክሳችን ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው በሽታ ነው፤ በሩ ተጠብቆ፣ ሁሉም ሥርዓት ይዞ፣ ማንም ሳይነግሥ የሚመሽበት። ስሙ ዴድሎክ ይባላል።

አንቀጽ 4። ወፍጮ ቤት አስቡ። ባለ ወፍጮው የሞተሩን ክፍል ቁልፍ ኪሱ ከትቶ፣ «ሞተረኛው ያስነሣና እፈጫለሁ» ብሎ ደጅ ተቀመጠ። ሞተረኛው ደግሞ ትናንት የጀመረውን የማጥፋት ሥራ ሳይጨርስ አያስነሣም፤ ለመጨረስም ክፍሉ መግባት አለበት፤ ቁልፉ ይሰጠኝ ብሎ በጓሮ በር ቆሟል። ባለ ወፍጮው ከፊት፣ ሞተረኛው ከኋላ። እህል የጫኑት እናቶች ከነአህያቸው መሸባቸው። ልብ በሉ፣ ከሁለቱ ሰነፍ የለም፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ነን ባዮች ናቸው፤ እውነታቸውንም ነው።

ግራዝማች ካሜራ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሙቴክሱን ያዘና «ዕቃዬ ይንቃልኝ፣ እስኪነቃም እጠብቃለሁ» አለ። በዚያው ቅጽበት ዕቃውን የማስተኛት ሥራ በሌላ ሠራተኛ እጅ ተጀምሯል፤ የማስተኛው ሥራ ደግሞ ያንኑ ሙቴክስ ይፈልጋል። የማንቃቱ ጥያቄ የማስተኛቱን ፍጻሜ ይጠብቃል፤ ማስተኛቱ ሙቴክሱን ይጠብቃል፤ ሙቴክሱ በጠያቂው እጅ ነው። ከሺህ ጊዜ አንዴ ይገጥማል፤ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ግን አይገጥምም፤ ሰርግ ሊቀረጽ ሲል ይገጥማል።

ስለዚህ አዝዘናል፦ መጀመሪያ ቀስቅስ፣ ከዚያ ቆልፍ። ስትወጣ መጀመሪያ ክፈት፣ ከዚያ «ይተኛ» በል። በማስተኛውና በማንቂያው ሥራ ውስጥ፣ ቀስቃሹ ይዞት ሊመጣ የሚችለውን ቁልፍ አትጠይቅ። የላክኸው መልእክተኛ እስኪመለስ ቁልፍ ጨብጠህ አትጠብቅ፤ መልእክተኛው የቀረው ያንኑ ቁልፍ ፍለጋ ሊሆን ይችላል።

አንቀጽ 5። አባት የሆነው ዕቃ ሳይነቃ ልጅ የሆነው ዕቃ አይነቃም፤ ልጅ ሳይተኛ አባት አይተኛም።

አንቀጽ 6። ዕቃውን የሚፈልግ ሁሉ ሲገባ «ጌት» ብሎ ይቆጠራል፤ ሲወጣ «ፑት» ብሎ ከቆጠራው ይወርዳል፤ ቆጠራው ዜሮ ሲሆን ዕቃው ይተኛል። እዚህ ላይ ንጉሥም ጥፋቱን ይናዘዝ። «ነቅቶ ይምጣልኝ» የሚለው የጥንቱ ትእዛዛችን ማንቃቱ ባይሳካም እንኳ ሰውየውን ገብቷል ብሎ ይቆጥር ነበር። ሹማምንቱ ግን «አልተሳካም» የሚል መልስ ሲደርሳቸው ዘወር ብለው ሄዱ፤ ያልገባ ሰው ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? በየቤቱ ውስጡ ማንም የሌለበት እንግዳ ተቆጠረ፤ መብራቱም ለእርሱ ሲበራ አደረ፤ ባትሪ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ካልተሳካ ቆጠራውን ራሱ የሚመልስ አዲስ ትእዛዝ አወጣን። አሮጌውን አልሻርነውም፤ የለመደው ብዙ ነው።

አንቀጽ 7። የተኛን ዕቃ መዝገብ (ሬጅስተር) ማንበብ ክልክል ነው። የኢንተራፕት ደወል ሰምቶ የሚሮጥ አሽከር ዕቃው ነቅቶ እንደሆነ ሳይጠይቅ ቢነካው፣ ስልኩ ሁሉ ከዕቃው ጋር ሊደርቅ ይችላል።

አንቀጽ 8። ዳኝነቱ፣ ኢንጎ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ2006 ላመጣው ለሎክዴፕ ተሰጥቷል። ይህ ዳኛ ሰው እስኪሞት አይጠብቅም። አንዱ ሹም ሰኞ ቁልፍ «ሀ»ን ይዞ «ለ»ን ከጠየቀ፣ ሌላው ሐሙስ «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ከጠየቀ፣ ሁለቱ ባይገናኙም አንድ ቀን በር ላይ ይገናኛሉ ብሎ ይጮኻል። ጉድለቱ ግን ቁልፍን እንጂ መጠባበቅን ሁሉ አለማየቱ ነው፤ የግራዝማች ካሜራ ዓይነቱ ጥፋት በፊቱ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀረው 120 ሰከንድ በር ላይ ተገትሮ የቀረውን ከነዱካው የሚመዘግበው ጸሐፊ ነው። እርሱም አያስታርቅም፤ ይጽፋል።

አንቀጽ 9፤ የተሻሩ ሕጎች። መላውን መንግሥት በአንድ መክፈቻ የሚዘጋው ታላቁ የከርነል ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ተሽሯል፤ ይመለስልን የሚል የዋህ አይጠፋም፣ አይመለስም። «ትንሽ ጠብቄ ልሞክር» ብሎ በሥራው መሐል ሃምሳ ሚሊሰከንድ መጎለትም ተሽሯል፤ ይህ ጥፋቱን አያጠፋውም፣ ቀጠሮውን ያራዝመዋል። በመሐል ቁልፉን ለቅቆ ቀስቅሶ መልሶ መያዝ የሚፈቀደው፣ በዚያች ፋታ ማን ገብቶ ምን እንደለወጠ ዳግመኛ ለሚያይ ብቻ ነው። ለሌላው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንቀጽ 10። ይህ አዋጅ ነጋሪት ከተጎሰመበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ጸሐፌ ትእዛዝ ከሥር የጨመረው፦ ጃንሆይ፣ ነጋሪት ጎሳሚው ሥራ ፈትቶ ስለነበር በሥርዓታችን መሠረት ተኝቷል። የነጋሪቱ ቤት ቁልፍ በእጁ እንደጨበጠ ነው። በነጋሪት ድምፅ ካልሆነ እንደማይነቃም እልፍኝ አስከልካዩ ነግሮኛል። ደጅ ቆሜ እየጠበቅሁ ነው።