ቶርኖ ያለው ሁሉ ጠመንጃ ሠሪ አይደለም

ቆቦ ውስጥ ቶርኖ ያለው ሰው ጣጣው ብዙ ነው። መብራት ይጠፋበታል፣ ቺንጋ ይበጠስበታል፣ የብረት ዋጋ አድሮ ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ችያለሁ፤ ዕድሜ ያስችላል። አልችል ያልኩት የጠመንጃውን ጥያቄ ነው። ጎረምሳው ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ደጃፌ ላይ ይቆማል። ማሽኗን ሊገዛት እንዳሰባት ጊደር ዞሮ ዞሮ ያያታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቺ አፈሙዝ ታወጣለች አሉ» ይለኛል። ማነው ያለው? ባገኘው በገዛ ሽመሉ አናቱን እለው ነበር፤ ወሬ ግን ባለቤት የለው።

እስቲ ስለ ማሽኗ እንነጋገር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጣልያን ከአሥመራ ወደ ደሴ የሚወርደውን መንገድ በእኛ ሜዳ ሲያሳልፍ ከመንገድ ሥራ ጋራዥ የቀረች ናት ብለው ነው የሸጡልኝ፤ ታርጋዋ ተፍቆ ስላለቀ የሚያጣራ የለም። ብረት የሚነክሰው መንጋጋዋ አጠገብ ያለው ሐዲድ ተበልቷል፤ የድሮ ቶርኖ ሁሉ የሚያረጀው ከዚያ ነው፣ ሥራው የሚበዛው እዚያ ስለሆነ። አጭር ነገር ስሰጣት ቀጥ አድርጋ ትመልስልኛለች። ረጅም ስሰጣት ግን አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ አንዱ ጫፍ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ጉልበቴም እንዲሁ ስለሆነ አልወቅሳትም። የወፍጮ ሻፍት፣ የፓምፕ ቡሽ፣ የጋሪ አክስል፣ የባጃጅ ኩሽኔታ መቀመጫ፦ በእነዚህ አታሳፍረኝም። ሥራዋ ይኸው ነው፤ አፈሙዝ አይደለም።

አሁን ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር መጣና ነገሩን አባሰው። አንዱ ሰሞኑን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቶ «አባባ፣ ይኸው ፈረንጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል! ማሽኑም እንደርስዎ አሮጌ ነው» አለኝ። እንደኔ ነው እንደ ማሽኔ? ዝም አልኩት። መነጽሬን አድርጌ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየሁት። አሜሪካዊው ጢሙን ደረቱ ድረስ አውርዷል። ማሽኑ ሳውዝ ቤንድ ነው፤ ኢንዲያና የሚሠራ የነበረ፣ ደግ የድሮ ቶርኖ፣ ዘይቱ የሚያብረቀርቅ። እኔ ያንን ዘይት ባገኝ ወጥ ሁሉ እሠራበት ነበር። ሰውዬው ምን ሠራ ታዲያ? ብረቱ ሲደርሰው ቀዳዳው ወጥቶለት፣ ጠመዝማዛው ጎድጓድ ውስጡ ተስሎለት፣ በፖስታ ከፋብሪካ ነው የመጣለት! እሱ ውጪውን ላጠው፣ ጥርስ አወጣለት፣ አስተካከለው፣ ከዚያ አቅፎት ፎቶ ተነሣ። አገሩም ፈቅዶለታል። ዋናውን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶታል ብዬ ለልጁ ባስረዳው «እሺ፣ እርስዎም ከዚያው ያዝዙልኛ!» አይለኝም? በየትኛው ፖስታ ነው የማዝዘው? በቆቦ ገበያ በግመል ጭኜ?

አፈሙዝ ማለት ቀዳዳ ያለው ብረት የሚመስለው ሰው በዝቷል። የክላሽ አፈሙዝ 415 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የጥይቱ መጠን 7.62 ነው። ርዝመቱ ከስፋቱ 50 እጥፍ ያልፋል። ይህን ያህል የረዘመ ቀዳዳ ሳይንጋደድ ማውጣት እንደኔ ያለ ሰው ሥራ አይደለም፤ ፋብሪካ ለዚሁ ብቻ የተበጀ ማሽን አለው። ውስጡ ደግሞ ጥይቱን እያሽከረከረ የሚያስወጣ ጎድጓድ አለ፤ በየ240 ሚሊሜትሩ አንድ ዙር ይዞራል። ጥይቱ ሲነሣ በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከምንተነፍሰው አየር 3,500 እጥፍ ገደማ ነው። ይህን የሚችል ብረት ከፈረሰ ቤት የተነቀለ ፌሮ መሰለህ? በየገጠሩ ከውኃ ቧንቧ የተቀጠቀጠ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይዘው የወጡ ነበሩ ይባላል። ጠላት ቆሞ ጠበቃቸው፤ ጣታቸው ግን አልጠበቃቸውም።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መሥራት ቀርቶ መጠገንም ያስቀጣል። ይህን ስነግረው ጎረምሳው «አዋጅ እኮ ለከተማ ነው ጋሼ» አለኝ። እኛ ምንድን ነን ታዲያ? ግብሩን የምከፍለው ለዞብል ተራራ ነው?

ባለ እጅን ሁሉ መሣሪያ ሥራልኝ የማለቱ አመል አዲስ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ሳልሙለርን አስቀምጠው ነበር። ፈረንጆቹ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው፤ እጃቸው ሙያ ስለሚያውቅ ግን መድፍ ሥሩልኝ ተባሉ። እነሱም እንደኔ «አንችልም» ብለው ነበር፤ ልዩነቱ የእነሱ ጠያቂ ንጉሥ መሆኑ ነው፣ እኔን የሚጠይቀኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ስንት ጊዜ ምድጃው ከሽፎ፣ ስንት ጊዜ ተሞክሮ፣ መጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣች፤ ሰባት ቶን ገደማ። እሷን ደግሞ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየጠረጉ። የተጎተተችበት ገደል የእኛው የወሎ ገደል ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞቹ ከነዘመናዊ ጠመንጃቸው ሲመጡ የጠቀመቻቸው ነገር የለም። ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጣለች፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ደግሞ አምሳያዋ ቆሟል። ለዚያ ሁሉ ብረት አንዲት ጠመዝማዛ ጎድጓድ የላትም፤ ውስጧ ልሙጥ ነው። ንጉሥ አዝዞ፣ ፈረንጅ ሠርቶ፣ አገር ጎትቶ ያልሆነውን እኔ መብራት በሚመላለስበት ጓዳ ላድርገው?

ፈረንጆች ራሳቸው በአገራቸው ከመድፍ ሥራ ምን አተረፉ ብትለኝ ደስ የሚል ነገር አለ። ዊልኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ብረት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1774 መድፍ የሚቦረቡርበት አዲስ መንገድ አስመዘገበ። ጄምስ ዋት ደግሞ የእንፋሎት ሞተሩ ሲሊንደር አልስተካከል ብሎት እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ ተቸግሮ ነበር። ዊልኪንሰን ከዚያው ሥራ በተማረው ሲሊንደሩን ቦርብሮ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1776 ሞተሩ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውኃ መሳብ ጀመረ። ልብ አድርግ፦ በመድፍ ጀምረው ወደ ውኃ ፓምፕ መጡ። የእኛ ሰው ደግሞ ለፓምፕ የተቀመጠችውን ማሽን ወደ መድፍ ካልመለስናት ይላል!

ደግሞ ጠመንጃውን እንዲህ የሚወድ አገር ብረት የሚሠራውን ሰው መናቁ ነው የሚገርመኝ። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግ፦ ሁሉም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ውጅግራ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣችው ጠመንጃ ነው፤ አንድ ስሙ የማይታወቅ ፈረንሳዊ ባለ ቶርኖ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው ያወጣው። እዚህ ሲደርስ ተሸለለለት፣ ተፎከረለት፣ ሰደፉ ቅቤ ተቀባ። እዚሁ ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን ሰው ግን «ቡዳ ነው» ብሎ ውኃ በተሰበረ ቅል ይሰጠዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ወደ እኛ ራያ የተላከው አዋጅ ነጋሪ ገና አምባሰል ያረፈ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ቶርኖ ስለምሠራ «ኢንጂነር» እያሉ ይጠሩኛል፤ ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲልኩ ግን በደጄ አልፈው ጠመንጃ ያለው ሰው ቤት ይገባሉ።

አሁን ወደ ዋናው ብስጭቴ ልምጣ። ይህ ከዞብል ሥር እስከ ጎሊና ወንዝ የተዘረጋው ሜዳ ዝናብ ባይኖረውም ከሥሩ ውኃ አለው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጉድጓዱን አስቆፍሮ ማሽላ ብቻ የሚያውቀውን መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም አሳይቶታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሁለት ጊዜ በላያችን ሲያልፍ የተሰበረው ተሰበረ፣ የተነቀለው ተነቀለ። ያልጎደለ ነገር ቢኖር ጠመንጃ ነው። ፓምፑ ቆሟል፣ ሽንኩርቱ ደርቋል፤ ገበሬው ግን አፈሙዙን በየማታው በጨርቅ ይወለውላል። ለፓምፑ ኩሽኔታ ቅባት አድርግ ብለው «ገንዘብ የታለ?» ይለኛል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ጥይት በነጻ ያደሉት ይመስል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ የፓምፕ ሻፍት ይዞ መጣ፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ አልቋል። ቅባት ሳያይ የኖረ ነው። ብየዳ ሞልቼ፣ ልጬ፣ አስተካክዬ እንደምሰጠው ነግሬ ዋጋውን ጠራሁ። «ይህን ሁሉ? ለአንዲት ብረት?» ብሎ ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ። ትከሻው ላይ ጥንድ በሬ ሸጦ የገዛው ክላሽ ተንጠልጥሏል፤ ዝናሩ አዲስ ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሽንኩርቱ ሲደርስ እከፍላለሁ አለኝ። ግማሹም አሁን በእጁ የለም።

«እንግዲያው መያዣ ተውልኝ» አልኩት፤ «ያንን ጠመንጃ እዚህ አስቀምጥና ስትከፍል ትወስደዋለህ።»

ቀልድ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይዤ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው?» አለና ሻፍቱን ለመያዣ ትቶልኝ ሄደ።