የጉሬዛው ቅጠል

ከአያና ከተማ ወደ አንገር ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በአንድ ትልቅ ዋርካ ዙሪያ የዱር እንስሳት ይኖሩ ነበር። ጉሬዛዎች የአገሬው ናቸው። ቆቆች የመጡት በ1977ቱ ድርቅ፣ ሰውም ከወሎ ወደ ወለጋ በሰፈረበት ዘመን ነው፤ ጫጩት ያሳደጉት ግን እዚሁ ነው።

አንድ በጋ ጎሾች ምንጩን አጥረው ያዙ። ጉሬዛና ቆቅ ተመካክረው "ዋርካው ሥር ተሰብስበን እንምከር" አሉ። በዋርካው ልጥ ላይ ሕግ ተጽፏል፦ መሰብሰብ የሚሻ ከሁለት ሌሊት በፊት ያሳውቅ፤ ሹሙ ቦታ ወይም ጊዜ ይቀየር ካለ በግማሽ ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይስጥ፤ ጨርሶ አትሰብሰቡ ማለት ግን አይችልም። ሰዎችም በ1983 በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ይህንኑ ደንግገዋል፤ ለአሳዋቂው 48 ሰዓት፣ ለሹሙ 12 ሰዓት። የቦታና የጊዜ ገደብ ይገባል፤ በሽተኛ በተኛበት ደጅ ሰልፍ አይወጣም።

ጉሬዛ ማሳወቂያውን በቅጠል ጽፎ ወደ ጸሐፊው ወደ ቀበሮ ሄደ።

"ፈቃድ አልተሰጣችሁም" አለ ቀበሮ።

"አያ ቀበሮ፣ እኛ ፈቃድ አልጠየቅንም። ልናሳውቅ ነው የመጣነው።"

"ኃላፊው የሉም፤ ነገ ተመለስ።"

ነገም፣ ከነገ ወዲያም ቅጠሉን የሚቀበል ጠፋ።

በዚያው ሰሞን ቁራ በየምሽቱ ዋርካው ጫፍ ላይ ወጥቶ "ቆቅ መጤ ነው! እንቁላሉን ወደ አንገር ጣሉት!" እያለ ይጮህ ነበር። ይህን ልጡ ይከለክላል፤ በሰው ዘንድም በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ይከለክላል። ቀበሮ ጩኸቱን ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሌሊት የቆቅ ጎጆዎች ተረገጡ፤ ከእንቁላሎቹ አንድም አልተረፈ።

ሲነጋ ጉሬዛዎች ለቆቅ ሊያለቅሱ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ ጉሬዛም ጎሾች ስላጠሩት ምንጭ ተናገረ። አያ ጅቦ ደርሶ ጉሬዛን አሰረው። ክሱ ሁለት ነበር፤ ሳያሳውቁ መሰብሰብና ሕዝብ ማነሣሣት።

ዳኛዋ እመት ኤሊ ነበሩ። "በጉሬዛ ንግግር ማን ተጎዳ?" ብለው ጠየቁ።

"የጎሾች ስም" አለ ቀበሮ።

"በቁራስ?"

ቆቅ ምንም ሳትናገር የተሰበረ ቅርፊት አስቀመጠች። እመት ኤሊ ጉሬዛ እንዲፈታ፣ ቁራም ተይዞ እንዲቀርብ አዘዙ።

ትእዛዙ እስር ቤት ደረሰ። አያ ጅቦ አንብቦ አጠፈው። "ከላይ ይነገረኝ" አለ።

እመት ኤሊ ሰምተው ራሳቸው መጡና ደጁ ላይ ተቀመጡ። ቆቅ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ጉሬዛዎች፣ ሚዳቋዎች፣ ከጎሾችም ሁለት ጥጆች ተከተሉ።

ቀበሮ እየሮጠ ደረሰ። "ይሄ ስብሰባ ነው! ማን አሳወቀ?"

እመት ኤሊ ያንን የጉሬዛ ቅጠል ዘረጉለት።

"እነሆ። የደረሰህበትን ቀንና ሰዓት ጽፈህ ፈርምልኝ።"

ቀበሮ አያ ጅቦን አየ፤ ጅቦ ፊቱን አዞረ። ቀበሮ ፈረመ።

"አሁን በሩን" አሉ እመት ኤሊ።