ጳጉሜን የዘለለው ፓይፕላይን

የዋግ ኽምራ ክረምት አጭር ነው። ሰኔ ሲያልቅ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ጠብታ ሁሉ በጸሎት የሚጠበቅ ነው። በደጋው በጋዝጊብላ ገብስ የዘራውም፣ በቆላው በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ማሽላ የዘራውም ገበሬ ጭንቀቱ ሁለት ነው፦ ዝናቡ መቼ ይገባል? መቼስ ይወጣል? እኔ ከሁለቱ አብልጬ የምፈራው መውጫውን ነው። መግቢያው ቢዘገይ ቶሎ የሚደርስ ሌላ ዘር ይዘራል። ማሽላው ፍሬ ሊቋጥር ሲል ሰማዩ ከተዘጋ ግን ለከብቱ አገዳ ይተርፍ እንደሆነ እንጂ ለጎተራው እህል የለም።

ወደ ዋግ ኽምራዋ ከተማ ወደ ሰቆጣ የወሰደኝ ይኸው የመውጫ ጉዳይ ነው። ሥራው ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብ ግምት ገበሬው ማሳ አጠገብ ከተለካው ዝናብ ጋር አዛምዶ ክረምቱ የሚወጣበትን ጊዜ በካርታ ማሳየት ነው። የሳተላይቱ ወገን ቺርፕስ ይባላል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች የሚያዘጋጁት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ መሬቱን ወደ 5 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ ካሬዎች ከፋፍሎ ይሰጣል። ለብቻው ግን አይበቃም። የዋግ ምድር አንዱ ጎን ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ፣ ሌላው ወደ ደጋ የሚወጣ ነው፤ በአንድ ካሬ ውስጥ ወይና ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶ/ር ቱፋ ዲንኩ ኢናክትስ በተባለው ሥራቸው ለዓመታት ሲደክሙበት የኖሩት ነገርም ይኸው ነው፦ የሳተላይቱን ግምት የአገሩ ጣቢያዎች በለኩት ማረም።

ቺርፕስ ወሩን በስድስት ይከፍላል፤ ከ1 እስከ 5፣ ከ6 እስከ 10 እያለ ይሄዳል። በዓመት 72 ፋይል፣ በ40 ዓመት 2,880 ፋይል ማለት ነው። ያን ሁሉ አንድ በአንድ አውርዶ፣ ከአፍሪካ ካርታ ላይ ዋግን ቆርጦ፣ የተለካው ዝናብ ከሚጻፍበት ደብተር ቀን ጋር አጋጥሞ፣ አስልቶ፣ ካርታ መሥራት በእጅ የሚሞከር አይደለም። ፓይፕላይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጤፉ ሳይፈጭ አይቦካም፣ ሳይቦካ አይጋገርም፤ ፓይፕላይንም የትኛው ሥራ ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ በደንብ ተጽፎ የሚሰጠው፣ ከዚያ ራሱ ተራውን ጠብቆ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብራቶሪ ሜክ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። እኔ የተጠቀምኩበት ስኔክሜክ የዚያ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዮሐንስ ኮስተርና ባልደረባው ለዘረመል ጥናት ያወጡት ነው። ለዘረመል የተሠራ ለዝናብም ያገለግላል፤ ፋይል ተቀብሎ ፋይል የሚሰጥ ሥራ ሁሉ ይመቸዋል።

ሰቆጣ ኢንተርኔቱ የሚሻለው ሌሊት ነው ብለውኝ ነበርና ማታ ሥራውን አስጀምሬ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆይ የሚችል ባትሪም አልነበረም። ጠዋት መብራቱ ሲመለስ የሥራው ማህደር ተቆልፎ አገኘሁት። ቁልፉን ከፍቼ እንደገና ሳስነሳው ስኔክሜክ እነዚህ ፋይሎች እየተጻፉ ሳለ ተቋርጠዋል ብሎ በስማቸው ዘርዝሮ አስቀመጠልኝ። ያለቀውን አልነካም፤ የተቋረጠውን ብቻ ከሥሩ ሠራ። መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት አገር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ውለታ አላውቅም። ግማሽ ፋይልን ሙሉ ነው ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ከሚቆም ፕሮግራም ይልቅ ይጎዳል።

እንዲህ እየተቋረጠም እየቀጠለም ካርታው ወጣ። አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ፣ በቀበሌው የዝናብ መለኪያ የሚያነበው እሱ ነው፣ መጥቶ አየው። በካርታው መሠረት በአብዛኛው ጣቢያ ዝናቡ የወጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ልክ ነሐሴ 30።

«ጋሼ፣ ይህን ለገበሬው እንዳያሳዩት» አለኝ።

«ምነው?»

«ጳጉሜ ላይ እኮ ዘንቦልናል። እኔው ራሴ ነኝ የለካሁት።»

ደብተሩን ከፈተ። በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የጳጉሜ ቀኖች ከነሚሊ ሜትራቸው በየዓመቱ አሉ።

ከካርታው ወደ ኋላ፣ ደረጃ በደረጃ መመርመር ያዝኩ። ፓይፕላይን ለዚህም ይመቻል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የተቀበለው ፋይልና የሰጠው ፋይል ተቀምጦ ይገኛል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጠው ደረጃ ላይ ስደርስ ጉዳዩ ተገለጠ። ለቀን ማጣሪያ እንዲሆን ከውጭ የተገኘ አንድ ስክሪፕት እዚያ ውስጥ ነበር፤ የወሩ ቁጥር ከ12 ከበለጠ መስመሩን ይጥላል። አያስጠነቅቅም፣ አያቆምም። ቀጥሎ ያለው ደረጃ ደግሞ ባዶ ያገኘውን ቀን ዝናብ ያልጣለበት ቀን አድርጎ ይቆጥራል። ከነሐሴ 30 በኋላ በተከታታይ ደረቅ ቀን ሲያይ ክረምቱ ወጣ ይላል። እያንዳንዱ ደረጃ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ካርታው ግን ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ጳጉሜ 1 በየዓመቱ ሴፕቴምበር 6 ቀን ይውላል። ከጳጉሜ 1 እስከ 5 ያለው ስለዚህ ከሴፕቴምበር 6 እስከ 10 ነው፤ ይህም ከቺርፕስ የሴፕቴምበር ሁለተኛ ክፍል ጋር አንድም ቀን ሳይተርፍና ሳይጎድል ይገጥማል። ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት እንደ 2011 እና 2015 ዓ.ም. ባለ ዓመት ብቻ አንዷ ቀን ወደሚቀጥለው ክፍል ትሻገራለች። የሳተላይቱንና የደብተሩን ዝናብ ያለ ምንም ማካፈል ጎን ለጎን ለማስተያየት የሚመች፣ ለማሽላውም ወሳኝ የሆነ አምስት ቀን ነው። የተጣለው እሱ ነው።

ሌላም ነገር በዚያው ተገኘ። መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዋግ ክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሆነ ጠዋት በመለኪያው ውስጥ የሚገኘው ውሃ በአብዛኛው የትናንቱ ነው፤ ስክሪፕቱ ግን የተነበበበት ቀን ዝናብ አድርጎ ይይዘዋል። ሰዓቱንም «3:00» ተብሎ ተጽፎ ሲያገኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አደረገው።

ማረሙ ብዙ አልፈጀም። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የራሱ ደንብ 13 ወር ኖሮት ተጻፈ። በየደረጃው ስንት መስመር ገባ፣ ስንት ወጣ የሚል ቆጠራ ታከለ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሥራው ይቆማል። ስኔክሜክ የወረዱትን ፋይሎች እንዳሉ ትቶ ከተለወጠው ደረጃ በታች ያለውን ብቻ ደግሞ ሠራ። በአዲሱ ካርታ ላይ የጳጉሜ ዝናብ ወጣ፤ ወጣቱም ከደብተሩ ጋር እያስተያየ ተቀበለው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ትንሽ መስሎ እንዳይታለፍ ነው። ሰቆጣ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚጠራባት ከተማ ናት። እዚህ የዝናብ ካርታ ሲሳሳት የሚጎድለው ከልጅ ሳህን ነው።

ስለዚህ ለአገራችን መረጃ ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች፦ ከሌላ ያገኛችሁትን ስክሪፕት ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ የጳጉሜ ቀን አስገቡበትና የሚያደርገውን እዩ። የሚጥለው መስመር ካለ ስንት እንደጣለ ይናገር። በየቀበሌው የዝናብ ደብተር የያዛችሁም ጳጉሜን ዛሬ እንደምትጽፉት መጻፋችሁን ቀጥሉ፤ ደብተሩ ሲያልቅም አትጣሉት፣ ፎቶ አንሡና በሁለት ቦታ አስቀምጡት።